የጭቃ መደብ በጋርላንድ፦ ኢንዲያን ሎጅን አይቼ የጀመርኩት ሥራ

የካቲት መጨረሻ

ጓሮዬ ውስጥ የጭቃ መደብ ልሠራ ነው። ከኋላው ግድግዳ፣ ከላዩ ጣራ ያለው፣ አራት አምስት ሰው ተደርድሮ ቡና የሚጠጣበት መደብ። ቦታው ዳላስ አጠገብ ያለችው ጋርላንድ ናት። ጡቡን ራሴ እሠራዋለሁ፤ ግድግዳውንም ራሴ እመርገዋለሁ። በብሎኬትና በሲሚንቶ ቢሠራ ይፈጥናል። እኔ ግን የጭቃ ግድግዳ በወጉ ከተሠራ ምን ያህል እንደሚቆይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አሠራሩን ደግሞ በእጄ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ያየሁት ምዕራብ ቴክሳስ ነው። ፎርት ዴቪስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከእሷ ትንሽ አለፍ ሲሉ የዴቪስ ተራሮች ስቴት ፓርክ ይገኛል። ኢንዲያን ሎጅ ያለው እዚያ ፓርክ ውስጥ ነው። ከዳላስ ሰባት ስምንት ሰዓት ያስነዳል። የጭነት መኪና ስለምነዳ ወደ ኤል ፓሶ ጭነት ሲኖረኝ በዚያ አካባቢ አልፋለሁ። ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከሜዳው ቀለል ይላል።

ሎጁ ነጭ ነው። ኮረብታውን ተከትሎ እርከን በእርከን ይወጣል። ጣራው ጠፍጣፋ ነው፤ የኒው ሜክሲኮንና የአሪዞናን ነባር ተወላጆች፣ ፑዌብሎ የሚባሉትን ሕዝቦች፣ መንደር እንዲመስል ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ሲሆን ውፍረቱ ከ45 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ውጪው በፀሐይ ሲጋገር ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ቀና ሲሉ የጥድ ግንዶች እንደ ወራጅ ተጋድመዋል፤ በግንዶቹ ላይ ደግሞ ሸምበቆ ተረብርቧል። ሸምበቆው ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ተቆርጦ የመጣ ነው። አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ ያንን ኮርኒስ አየሁት። ቀጥ ብሎ የተሰደረ፣ ጉጡ ሳይቀር የሚታይ፣ በዕድሜ ብዛት የወረዛ ሸምበቆ። አያቴ ቤት ያለ መሰለኝ።

እኛ አገር ጭቃ ቤት የድሃ ቤት ነው ተብሎ ይታሰባል። ገንዘብ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጭቃውን አፍርሶ ብሎኬት መትከል ነው። እዚህ ግን ሰው ከፍሎ የሚያድርበት ሎጅ ሆን ተብሎ በጭቃ ተሠራ፤ ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኖትም ቆሟል። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።

መጋቢት

መጀመሪያ አፈሩ። ጓሮውን ሁለት ክንድ ያህል ቆፈርኩ። ከላይ ያለውን ሥርና ብስባሽ ያለበትን አፈር ወደ ጎን አደረግኩ፤ እሱ ለአትክልት እንጂ ለጡብ አይሆንም። ከሥሩ የወጣው ጥቁር፣ ከባድ፣ አካፋ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚል አፈር ነው። ገና ሳየው አወቅኩት። መረሬ ነው። ከዳላስ እስከ ሳን አንቶኒዮ ድረስ የሚዘረጋው ጥቁር አፈር ከእኛው የደጋ መረሬ ጋር አንድ ዘር ነው፤ የአፈር ተመራማሪዎችም አንድ ምድብ ውስጥ ያስቀምጡታል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ጉድጓድ ያወጣል። የዳላስ ሰው በበጋ የቤቱን መሠረት ዙሪያ ውሃ የሚያጠጣው ለዚህ ነው፤ አፈሩ ሸሽቶ ቤቱ እንዳይሰነጠቅ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ያደግነው ደጀን አካባቢ ነው፤ ስለ መረሬ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለኝም።

«እማዬ፣ እዚህም መረሬ ነው ያለው።»

«በመረሬ ማን ቤት ይመርጋል ልጄ? ሲደርቅ ይሰነጣጠቅብሃል እኮ። ቀይ አፈር ፈልግ።»

«ቀይ አፈር በቅርብ የለም። አሸዋ ልቀላቅልበት አስቤያለሁ።»

«እንግዲያው አሸዋውን አብዛ። ጭዱንም አትሰስት። ደግሞ እንደቦካ አትለጥፈው፤ ይደር፣ ይብላላ። አንተ ሁልጊዜ ትቸኩላለህ።»

ከዚያ በኋላ የማሰሮውን ፍተሻ ሠራሁ። ቀላል ነው፤ ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። አፈሩ በወንፊት ይነፋል። የመስታወት ማሰሮ ግማሽ ድረስ ይሞላል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ ትንሽ ጨው ጣል ይደረግበታል፣ በደንብ ይናጣል፣ ከዚያ ይቀመጣል። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ታች ይሰፍራል። ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል። ሸክላው ውሃውን አደፍርሶ ያድርና በማግሥቱ ከላይ ይተኛል። ከዚያ የየንብሩን ውፍረት በማስመሪያ መለካት ነው። የእኔ ማሰሮ ከግማሽ በላይ ሸክላ ሆነ። ለጭቃ ጡብ የሚፈለገው ሸክላ ደግሞ ከ15 እስከ 30 በመቶ ባለው መካከል ነው። አሸዋ የግድ ነው ማለት ነው።

ሦስት ዓይነት ቅልቅል አዘጋጀሁ። አንድ እጅ አፈር ለአንድ እጅ አሸዋ፤ አንድ ለሁለት፤ አንድ ለሦስት። አሸዋው ሻካራው የግንባታ አሸዋ ነው፤ ሕፃናት የሚጫወቱበት ልሙጡ አይይዝም። ከእያንዳንዱ ትንንሽ ጡብ ሠርቼ ጥላ ሥር አስቀመጥኩ። አንድ ለአንዱ ሲደርቅ ከመሃል ተተረተረ፤ መጠኑም በዓይን የሚታይ ያህል ቀነሰ። አንድ ለሦስቱ አልተሰነጠቀም፤ ግን ጠርዙን በጥፍር ስነካው ይረግፋል። አንድ ለሁለት ከጭድ ጋር የተቦካው ቆመ። ጥፍር አይገባበትም፤ ስንጥቁም እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። በዚህ እቀጥላለሁ።

ሚያዝያ

ጭቃ ግድግዳን የሚገድለው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከታችም ይሳባል። መሬት ላይ በቀጥታ የተቀመጠ የጭቃ ጡብ እርጥበቱን ወደ ላይ ይጠጣል፣ እግሩ ይበላል፣ ከዚያ ግድግዳው በሙሉ ይንጋደዳል። አገር ቤት የፈረሱ ጭቃ ቤቶችን ልብ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል። አብዛኞቹ የሚበሉት ከታች፣ ከጉልበት በታች ነው።

ስለዚህ ለመሠረቱ ብዙ ጊዜ ሰጠሁት። ግድግዳው የሚያርፍበትን ቦይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፈርኩ። ጎረቤቴም ረዱኝ። እሳቸው ሜክሲኳዊ ናቸው፤ ያደጉት ከቴክሳሷ ፕሬሲዲዮ ማዶ፣ ኦሂናጋ ከተማ ነው። አያታቸው ጡብ ይሠሩ ነበር። በአጥሩ ላይ ሲያዩኝ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ምንም ሳይሉ ሄደው ጓንታቸውን ይዘው መጡ።

ቦዩን በጠጠር ሞላነው። ከታች ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ አለ፤ ወደ ጓሮው ዝቅተኛ ጫፍ ይፈሳል። መረሬ ሲያብጥ ከጎን ይገፋል፤ ጠጠሩ ያንን ግፊት በከፊል ይውጠዋል። ከጠጠሩ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ ሠራን። ድንጋዩ የቴክሳስ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ነጣ ያለ፣ በመዶሻ በቀላሉ የሚጠረብ። ሲባጎ ዘርግተን በውሃ ልክ እያየን ነው ያስተካከልነው። ጎረቤቴ ድንጋይ ሲመርጡ አይቸኩሉም። አንዱን ያነሳሉ፣ ያገላብጡታል፣ ይመልሱታል። የተቀመጠው ድንጋይ ግን ዳግም አይነሳም።

ግንቡ ሲያልቅ ከላዩ እርጥበት የማያሳልፍ ወፍራም የጣራ ወረቀት አነጠፍኩ። ጡቡ በዚህ ላይ ይጀምራል።

ግንቦት

ዝናብ ነው። የሰሜን ቴክሳስ ጸደይ ማለት ነጎድጓድ፣ በረዶ፣ አንዳንዴም አውሎ ነፋስ ማለት ነው። በዚህ ወቅት ጡብ አይሠራም። አገር ቤት ሰው ጭቃውን የሚጨርሰው ክረምት ሳይገባ፣ ከሰኔ በፊት ነው። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰኔ ሲጋመስ ሰማዩ ይዘጋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደርቀው ያቃጥላሉ። እጠብቃለሁ።

እስከዚያ ጭድ ፈለግኩ። የጤፍ ጭድ የመሰለ የለም፤ ቀጭን ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጭቃውን ከየአቅጣጫው ይይዘዋል። ጤፍ አሜሪካ ውስጥ ለፈረስ ድርቆሽ ይዘራል። በአካባቢዬ ግን የሚሸጥ አላገኘሁም። የከብት መኖ ከሚሸጥበት ሱቅ የስንዴ ጭድ በእስር ገዛሁ። ረጅም ስለሆነ በጣት ርዝመት ያህል ቆረጥኩት።

ሻጋታውንም ሠራሁ። ታችና ላይ የሌለው የጣውላ ሳጥን ነው፤ ውስጡ 35 በ25፣ ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር። ከዚህ የሚወጣ ጡብ ሲደርቅ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ቢበልጥ ቀኑን ሙሉ ማንሳት ወገብ ይቆርጣል።

ሰኔ

ጭቃ ቦካ!

አፈሩን በደረቁ ከአሸዋ ጋር ለመቀላቀል መሞከር ዋጋ የለውም። መረሬ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ይዘፈዘፋል። እብጠቱ ራሱ ጓሉን ይፈታዋል። ሲሟሟ አሸዋው በላዩ ይረጫል፤ ከዚያ በእግር ይረገጣል። ሸራ ዘርግቼ በላዩ ላይ ነው የረገጥኩት፤ የሸራውን ጫፍ ይዞ ጭቃውን ማገላበጥ ይቀላል። ጭዱ መጨረሻ ላይ ይበተናል።

ልጆቼ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ትልቋ በመጀመሪያ ጠረኑን አልወደደችውም። ከሰዓት በኋላ ግን ከጭቃው የሚያወጣት አልተገኘም።

በእናቴ ምክር ጭቃው አደረ፣ ሰነበተም። የሚሆነው ነገር ይገርማል። ጭዱ መብላላት ሲጀምር የሚወጣው ፈሳሽ ጭቃውን ያልገዋል። በመጀመሪያው ቀን እጅ ላይ የሚጣበቀው ጭቃ በኋላ ተለቅቆ ይወርዳል። ቅርጽ ያስይዙታል፣ ይይዛል። ጠረኑ ከባድ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጠፋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሻጋታው ውሃ ይነከራል። ጭቃው በኃይል ይወረወርበታል፤ ጥግ ጥጉ በጡጫ ይጠቀጠቃል። ላዩ በእርጥብ ጣውላ ይስተካከላል። ከዚያ ሻጋታው በዝግታ ወደ ላይ ይነሳል። ጡቡ ቅርጹን ይዞ ከቀረ ውሃው ልክ ነው። ከተንሸራተተ ውሃ በዝቶበታል። ጠርዙ ከተቀደደ ውሃ አንሶታል።

ሐምሌ

ጓሮው በጡብ ተሞላ። ወደ 160 ያስፈልገኛል፤ ከዚያ ትንሽ ትርፍ።

ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ነው። በዚህ ፀሐይ ሜዳ ላይ የተተወ ጡብ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ጭድ በላያቸው በተንኩ። ትንሽ ሲጠነክሩ በጎናቸው አቆምናቸው፤ አየር ሁለቱንም ፊት እንዲያገኘው። ጎረቤቴ በየማታው በአጥሩ ብቅ እያሉ ያዩዋቸዋል። አንዱን አንስተው በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ ያደርጋሉ። የደረቀ ጡብ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ ድፍን ይላል።

የመጨረሻው ፈተና መጣል ነው። ጡቡን በወገብ ከፍታ ይዞ በማዕዘኑ በኩል መሬት ላይ መልቀቅ። ጥሩ ጡብ ጫፉ ትንሽ ይሸረፋል እንጂ ለሁለት አይከፈልም። ከየዙሩ አንድ አንድ እየጣልን ነው የፈተንነው።

እነዚህን ጡቦች ሳገላብጥ ኢንዲያን ሎጅን የሠሩትን ልጆች አስባለሁ። ልጆች ያልኩት ልጆች ስለነበሩ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር የሚባል ፕሮግራም ጀመረ፤ በአጭሩ ሲሲሲ ይሉታል። እስከ 1942 ድረስ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ወንዶች አለፉበት። አብዛኞቹ ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ሥራ አጥ ወጣቶች ነበሩ። ካምፕ ውስጥ እየኖሩ መንገድ ጠረጉ፣ ዛፍ ተከሉ፣ ፓርክ ሠሩ። ደሞዛቸው በወር 30 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰቦቻቸው ይላካል። እጃቸው ላይ አምስት ዶላር ይቀራል። በየወሩ አገር ቤት ብር የሚልክ ሰው ይህን ሲሰማ ማስረዳት አያስፈልገውም።

የሎጁን ጡብ የሠሩት እነዚህ ናቸው። ጥዱን ከተራራው አምጥተው አጋደሙ፣ ሸምበቆውን ረበረቡ። የክፍሎቹን የዝግባ እንጨት ዕቃ የሠራው ደግሞ ሌላ የሲሲሲ የእንጨት ሥራ ቤት ነው፤ ኦስቲን አቅራቢያ ባለው ባስትሮፕ ስቴት ፓርክ። ወንበሩ፣ አልጋው፣ ጠረጴዛው በእጅ የተጠረበ ነው። በ1967 አዲስ ክንፍ ተጨመረለትና ዛሬ ሎጁ 39 ክፍሎች አሉት። አሮጌው ክፍል ግን የት እንደሆነ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ግድግዳው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ማየት ይበቃል።

ነሐሴ

ግድግዳው ተጀመረ።

ማያያዣው ሲሚንቶ አይደለም። ያው ጡቡ የተሠራበት ጭቃ ነው፤ ጭዱ ብቻ ቀንሶ። ይህ ነገር ብዙ ሰው ያከራክራል። ጓደኞቼ «ትንሽ ሲሚንቶ ጣል አድርግበት፣ ይጠነክራል» ይሉኛል። ግን ጡቡና ማያያዣው እኩል ማበጥ፣ እኩል መሸሽ አለባቸው። መሃላቸው የገባ ደረቅ ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም። የሚበላው ደግሞ ጭቃውን ነው።

ጡቡ ቦታው ላይ ከመቀመጡ በፊት ሥሩን በውሃ ማራስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የማያያዣውን ውሃ ወዲያው ይመጠዋል። መገጣጠሚያው ከላይኛው ጡብ መሃል ጋር እንዲገናኝ እያፈራረቅን ደረደርን። በአንድ ቀን ከሦስትና ከአራት ረድፍ በላይ አልሄድንም። ከታች ያለው ሳይጠነክር ከላይ ቢጫን ይጨፈለቃል። ቱንቢ በየረድፉ እናወርዳለን።

መደቡ ራሱ ፊት ለፊቱ በጡብ ተገንብቶ ውስጡ በስብርባሪ ድንጋይና በተጠቀጠቀ አፈር ተሞላ። ላዩ እንደገና ጡብ። የመቀመጫው ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 ነው። እናቴን በቪዲዮ አሳየኋት።

«ለሽማግሌ ከፍ አላለም?»

«ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ እማዬ፤ ልክ ነው።»

«አንተ ሽማግሌ አይደለህም። ለእኔ ነው የምልህ።»

ትክክል ናት። ስትመጣ እግሯ መሬት እንዲነካ በአንዱ ጫፍ በኩል መቀመጫውን በአንድ ረድፍ ዝቅ አደረግኩት። አሁን መደቡ ሁለት ከፍታ አለው፤ ልጆቹም ዝቅተኛውን ወደውታል።

መስከረም

የጣራው ነገር ብዙ አሳሰበኝ። የሎጁን ጠፍጣፋ ጣራ እወደዋለሁ፤ ግን እዚህ አይሠራም። ፎርት ዴቪስ የሚዘንበው የዳላስን ግማሽ ያህል ነው። ዳላስ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል፤ የሚወርደውም በኃይል ነው። ጠፍጣፋ ጣራ ክፈፍ የለውም፤ ግድግዳው ዝናቡን ፊት ለፊት ይቀበላል።

ፎርት ዴቪስ ከተማ ውስጥ ጣራ ያጣ ጭቃ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ቦታ አለ። የድሮው የጦር ሰፈር ነው። ከ1867 ጀምሮ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች የሰፈሩበት፣ በጭቃ ጡብና በድንጋይ የተሠራ ሰፈር። ጦሩ በ1891 ጥሎት ሄደ። ዛሬ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ሆኖ የተወሰኑት ሕንፃዎች ታድሰዋል። ያልታደሱት ግን አንዳንዶቹ የድንጋይ መሠረታቸው ብቻ ቀርቷል፤ የሌሎቹ ግድግዳ ጫፉ ሟሙቶ ክብ ሆኗል። ሎጁና ይህ ሰፈር የሚራራቁት ጥቂት ደቂቃ መንዳት ነው። ሁለቱም ጭቃ ናቸው። አንዱን ሰው ይኖርበታል፣ ጣራውን ያየዋል፣ ያድሰዋል። ሌላው ለረጅም ዘመን የሚያየው አልነበረም።

እኔ የአገር ቤቱን መንገድ መረጥኩ፤ ተዳፋት ጣራ፣ ሰፊ ክፈፍ። ጣራው ግድግዳው ላይ አያርፍም። አራት የዝግባ ምሰሶዎች ለብቻቸው ይሸከሙታል። ክፈፉ በአራቱም ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ላዩ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመታው የሚሰጠውን ድምፅ ስለምወደው ከሌላ የጣራ ዓይነት ጋር ለማወዳደር እንኳ አልሞከርኩም።

ከሥሩ ያለው ግን የሎጁ ነው። የጥድ ግንድ ልጡን ልጬ ወራጅ አደረግኩ፤ በላዩ ሸምበቆ ረበረብኩ። ሸምበቆው ከአንድ ወዳጄ መሬት፣ ከጅረት ዳር የተቆረጠ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ይህ ሸምበቆ መጤ አረም ነው፤ በሪዮ ግራንዴ ዳር መንግሥት ለማጥፋት ይታገለዋል። ቆርጬ ስወስድ ወዳጄ ደስ አለው። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ እርጥብ ቁራጭ ከወደቀበት ሊበቅል ስለሚችል ቅንጥብጣቢውን ሁሉ ለቅሜ አድርቄ አቃጠልኩት። ቅጠሉ ተገፍፎ፣ ጥላ ሥር ደርቆ፣ በውፍረት ተለይቶ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ ጫፍ እየተፈራረቀ ተደረደረ። አሁን መደቡ ላይ ተቀምጬ ቀና ስል ያ ኮርኒስ አለ፤ አዲስና ቢጫ ሆኖ።

ጥቅምት

ምርግ። ከሁሉም ክፍል በጣም የወደድኩት ይህን ነው።

የመጀመሪያው ንብር ሻካራ ነው። ግድግዳው በውሃ ይረጥባል፣ ጭቃው በእጅ ይወረወራል፣ በመዳፍ ይጫናል። አይለሰልስም፤ ቀጣዩ እንዲይዝ በጣት ይጫጫራል። ሲደርቅ ሁለተኛው ይመጣል። ይህ በጥሩ ወንፊት የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ አሸዋ፣ የደቀቀ ጭድ፣ እና እበት ነው። እበቱን ያገኘሁት ከዚያው ወዳጄ ከብቶች ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችና ከእኔ የተሻለ ለቀለቀች፤ ልጅ ሆና እናቷን ስትረዳ የለመደችው እጅ ነው። መዳፏን በግማሽ ክብ እያዞረች ስትሄድ የጣቶቿ መስመር ግድግዳው ላይ ይቀራል። አታጥፊው አልኳት። እንዲታይ እፈልጋለሁ።

ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ታኦስ አጠገብ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ደ አሲስ የሚባል ትልቅ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1967 ዘላቂ ይሁን ብለው በሲሚንቶ ለሰኑት። ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ ውሃ ገባ። መውጫ ግን አላገኘም። ውስጡ ያለው ጡብ ከልስኑ ጀርባ ተደብቆ መበስበስ ጀመረ። በ1979 ሲሚንቶውን አንስተው ወደ ጭቃ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ምእመናኑ በየዓመቱ በበጋ ተሰብስበው ይመርጉታል። በዚያ አገርም በወጉ ምርግ የሴቶች ሙያ ነው። ጓደኞቼ ስለ ሲሚንቶ ሲያነሱብኝ ይህንን ነው የምነግራቸው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት መግባቱ ብቻውን አይገድለውም፤ መውጣት ሲከለከል ነው።

ለዚህ ነው የላዩ ቀለም ኖራ የሆነው። ኖራ ውሃ ያንሸራትታል፤ እርጥበት ግን አያፍንም። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ በባልዲ ከሐምሌ ጀምሮ ተቀምጦ ነበር፤ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። በጣም ቀጠን አድርጎ ደጋግሞ መቀባት ነው፤ በወፍራሙ ከተቀባ ይላጣል። ሲቀባ ግራጫ ይመስላል፣ ሲደርቅ ይነጣል። ጓንትና መነጽር ግን ግዴታ ነው። ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ አይደለም።

ኅዳር

ከባድ ዝናብ ዘነበ። ሌሊቱን ሙሉ፣ ከሰሜን ምዕራብ ንፋስ ጋር።

ጠዋት ባትሪ ይዤ ዙሪያውን አየሁ። ከጣራው ሥር ያለው ግድግዳ ደረቅ ነው። የድንጋዩ ግንብ እርጥብ ነው፤ ከሱ በላይ ያለው የመጀመሪያው የጡብ ረድፍ ግን አልራሰም። ቱቦው ወደ ጓሮው ጫፍ ሲያፈስ ሰማሁት። ምዕራባዊው ጠርዝ ላይ፣ ንፋሱ ዝናቡን ከክፈፉ ሥር አስገብቶ በመታበት፣ ኖራው ክንድ በሚያህል ቦታ ላይ ታጥቧል። ከሥሩ ያለው ምርግ አልተነካም።

ጎረቤቴ መጥተው ያንን ቦታ በመዳፋቸው ዳበሱት። እሳቸው የሚሉት ምዕራቡ ጫፍ ላይ አጭር የሸምበቆ መከለያ ማቆም ነው፤ ንፋሱን ይሰብረዋል። ትርፍ ሸምበቆ አለኝ። ምርጉን ራሱ ግን በየዓመቱ ማየት ይኖርብኛል። የሚቀጥለው ዙር መጋቢት ላይ ነው፤ የበረዶው ወቅት ሳይገባ። ለዚያ የሚሆን አፈር አሁን ከወዲሁ ነፍቼ በርሜል ውስጥ አስቀምጫለሁ። እናቴ ቪዛዋ ከደረሰ በዚያው ወር ትመጣለች። የምዕራቡን ጫፍ ለሌላ ሰው እንዳልሰጥ አስጠንቅቃኛለች፤ እሷ ናት የምትለቀልቀው።